በኮክ የተበቀልሁት

ይጁቤ ገበያ ዳር ሚኒባስ ስጠብቅ አንዲት ሴት የበሰለ ኮክ በቅርጫት ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው እኔ ሽማግሌው ሰውዬ ብቻዬን ሳቅሁ። "አባባ፣ ምን አዩ?" አለችኝ። ጠላቴን ልላት አልችል፣ የኮኩን ዋጋ ጠየቅኋት።

ልጅ ሳለሁ፣ ከጎረቤታችን ከአያ ጥሩነህ ጋር በሚያዋስነን ድንበር ላይ ትልቅ የኮክ ዛፍ ነበረን። ክረምት መግቢያ ላይ ፍሬው እየበሰለ ሲረግፍ ግቢው ማር ማር ይሸታል፤ ንቡም ዝንቡም እኛም እኩል እንሻማለን። አባቴ ከእርሻ ሲመለስ ጥላው ሥር ጋደም ይልና፣ ጭማቂው በጢሙ እየወረደ፣ እናቴን በነገር እየነካካ ይስቅ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ዛፉ ተጋድሟል። በሰንበት! አያ ጥሩነህ መጥረቢያቸውን በሣር እየጠረጉ "ጥላው ገብሴን ፈጀው። የቆረጥሁት እንጨት ነው፤ ሰው አልገደልሁ!" አሉ። ሽማግሌ ገብቶ አስታረቀ፤ አባቴ ግን እጁን ሰጠ እንጂ ልቡን አልሰጠም። ከዚያ ወዲያ ፊቱን ወደ ጉቶው አዙሮ መቀመጥ ሆነ ሥራው፤ ሠርግ ቢጠሩት አይሄድ፣ ልጅ ቢወልዱለት አይፈካ፣ እንዲያው እንደ ተኮሳተረ ዕድሜው አለቀና፣ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ "ተበቀልልኝ" አለኝ።

ዘመዶቼ የአያ ጥሩነህን የገብስ ክምር አቃጥል አሉኝ። እኔ ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ዳዊት ሳልጨርስ ነው እርፍ የጨበጥሁት፤ ግን በእኛ አገር ቃል ሁለት ሆድ እንዳለው ያልተማረውም ያውቃል። በቀል ቂም ነው፤ በቀለ ደግሞ ከመሬት ወጣ ማለት ነው። እኔም አበቀልሁ። የኮክ ዘር ለቃቅሜ፣ ሕግ እንዳይዘኝ ወደ ራሴ መሬት ገባ አድርጌ፣ ድንበሩን ከዳር እስከ ዳር ተከልሁበት።

ለጽድቅ እንዳይመስላችሁ። አያ ጥሩነህ እርር እንዲሉ ነው። ዛፎቹ ፍሬ ከያዙ ወዲህ፣ ሥራ ኖረም አልኖረም፣ አመሻሽ ላይ ሚስቴንና ልጆቼን ጥላው ሥር ሰብስቤ፣ እየበላሁ፣ እስከ ማዶ በሚሰማ ድምፅ እስቅ ጀመር። መጀመሪያ የውሸት ነበር፤ ጉሮሮዬን ያመኝ ነበር። ሚስቴ "ኧረ ቀስ፣ አበደ ይሉሃል!" እያለች በእኔ ስትስቅ፣ ልጆቹም ሲከተሏት፣ ሳላውቀው የእውነት ሆነ።

አያ ጥሩነህ ካረጁ በኋላ አንድ ቀን አጥሩን ተደግፈው "አንተ ልጅ፣ በየቀኑ ምን ያስቅሃል?" አሉኝ። ልጅ የሚሉኝ የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ነው።

"እርስዎ ነዎት አያ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አልኋቸው።

ጥርሳቸውን ነከሱ። "አባትህ እንኳ እንዲህ ክፉ አልነበረም" ብለውኝ ሄዱ። ያ ምሽት ከሠርጌ ቀን ይበልጥ ጣመኝ።

አሁን የሉም። ወግ ነውና አልቅሼ ቀበርኋቸው። አመሻሽ ላይ ዛሬም እቀመጣለሁ፤ የሚቃጠልልኝ ጠላት ባይኖርም ሳቁ አልቀረም፤ ቀኔን አስቤበት እንዳሳልፍ ያስተማረኝ ያው ቂም ነው። ይቅር ብያቸዋለሁ ወይ? አላልሁም። ዛፍ ይተካል፤ ተክቻለሁ። የአባቴን ሳቅ ላስታውስ ብዬ ዓይኔን ስጨፍን ግን የምሰማው የራሴን ድምፅ ነው።