ሳክስፎኑን ያጠፋው ስፒከሩ አልነበረም

መጀመሪያ የጠፋው ሳክስፎኑ ነው።

ከጅቡቲ ድንበር ከገላፊ ስመለስ ሰመራ አደርኩ። ጠዋት ጋቢና ውስጥ ስነቃ ግራ ጆሮዬ ውሃ የገባበት ይመስል ድፍን ብሏል። ደግሞ ይጮሃል፤ ራቅ ብሎ ጄኔሬተር የሚሠራ ዓይነት። ሰመራ ላይ ጄኔሬተር ብርቅ አይደለምና የእውነት መስሎኝ ባለቤቱን ረገምኩት። ድፍን ማለቱን ለሙቀትና ለአቧራ ሰጠሁት። ሞተር አስነሳሁ፣ ቴፑን ከፈትኩ። ሴትዮዋ መዝፈን ጀመረች። ሳክስፎኑ የለም።

ሴትዮዋ የምላት ጃዝ ዘፋኝ ናት። ስለ እሷ ካልነገርኳችሁ ሕመሜ አይገባችሁም። የከባድ መኪና ረዳት በነበርኩበት ጊዜ፣ አዳማ ላይ ጭነት ስንጠብቅ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የሚጀምር የሬዲዮ ፕሮግራም ነበር። አዘጋጁ ዘፈን ላይ አያወራም። እንዲህ ያለ ጋዜጠኛ ዛሬ ቢገኝ ቅርስ ተብሎ ይመዘገባል። ዘፋኟን መጀመሪያ የሰማኋት እዚያ ነው፤ ተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፌ፣ ትንሿን ሬዲዮ ደረቴ ላይ አስቀምጬ። ድምጿ ወፍራም ነው፣ ትንሽ ይሻክራል፤ አልቅሳ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው እንግዳ የምትቀበል ሴት ድምፅ ነው። አንድ ስንኝ ትልና ዝም ትላለች። ያኔ ሳክስፎኑ ይመልስላታል። ትጠይቃለች፣ ይመልሳል። በኋላ የራሴ መኪና ላይ ስሰማት ድምጿ ከመሀል፣ ሳክስፎኑ ከግራ በር ይመጣ ነበር። ከሚሌ እስከ አዋሽ ያለውን ሜዳ ስንት ዓመት ብቻዬን የነዳሁት በነሱ ወሬ ነው። የአዳማው ሬዲዮ በረሃው ላይ ስለማይደርስ አዳማ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ውድነሽ ትቀዳልኛለች፤ ድሮ በካሴት፣ አሁን በፍላሽ።

ስለ ጆሮ ደግሞ እኔን ማንም አይነግረኝም። ካቻቪቴ ሞተር ላይ ተክዬ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ የትኛው ነዳጅ ረጪ ኢኜቶሪ እንደታመመ እናገራለሁ። ማንም አላስተማረኝም፣ ትምህርት ቤትም አልገባሁም። በመስመሩ ላይ «ባለ ጆሮው» ነው የምባለው። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ጉራም ነው።

ባለ ጆሮው ምን አደረገ? ስፒከሩ ተቃጥሏል ብሎ ፈረደ።

አዋሽ ገብቼ ቀጥታ ጓደኛዬ ሐሰን ጋራዥ ሄድኩ። በሩን ፈታን። የግራውን ስፒከር ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወርኩ። አሁንም በግራ በኩል ዝም። እዚህ ላይ አህያም ቢሆን ይገባው ነበር። እኔ ሽቦው ነው አልኩ። ሽቦ ቀየርኩ። ዝም። አዲስ ስፒከር ገዝቼ ገጠምኩ፣ አሮጌውን ለሐሰን ወረወርኩለት። ዝም። ሐሰን ጭንቅላቱን በመስኮት አስገብቶ አዳመጠና «ወላሂ ይሰማል» አለኝ። ኩሽኔታ ሲያለቅስ የማይሰማ ሰው ስለ ጃዝ ምን ያውቃል ብዬ ሰደብኩት። እስቲ አስቡት፤ እውነቱን የነገረኝን የመጀመሪያ ሰው ሰድቤ ሸኘሁ።

አምስት ቀን በስፒከር አለፈ። ከዚያ ጭነት መጣና ወደ ጅቡቲ ወረድኩ፣ ተመለስኩ። አሥረኛው ቀን ላይ፣ ሰመራ ቆሜ፣ ጥፋተኛዋን አገኘኋት፤ ውድነሽ ናት። ደወልኩላት። ሴትዮዋን ብቻ ቀድተሽ ሳክስፎኑን የት ጣልሽው ብዬ ጮህኩባት። የጮህኩት በቀኝ ጆሮዬ እየሰማሁ ነው። በግራ ሳወራ ኔትወርኩ ይቆራረጣል እያልኩ ሳምንት ሙሉ ቴሌን ስረግም ከርሜያለሁ።

እስክጨርስ ታገሰችኝ።

«ጋሼ፣ ቴፑን ክፈትና ፊትህን ወደ ኋላ አዙረህ ተቀመጥ።»

«ለምን?»

«አንዴ እንኳ ታዘዘኝ።»

ወንበሩ ላይ ተንበረከክኩ። ፊቴን ወደ መኝታው አዞርኩ። የግራው በር ቀኝ ጆሮዬ ጋ መጣ።

ሳክስፎኑ ጮኸ።

ስፒከሩ ደህና ነው። ሽቦው ደህና ነው። ፍላሹ ደህና ነው። የጠፋው እኔ ጋ ነው። በሰመራ ሙቀት በረደኝ።

ውድነሽ ስንት ቀን ሆነህ አለች። ነገርኳት። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ግባ አለች።

ገባሁ ብላችሁ ታስባላችሁ? መጀመሪያ ጎሚስታው ጋ ሄድኩ። በሙሉ ልቡ ኩክ ነው አለኝና፣ ፊልትሮ የምናጸዳበትን የኮምፕሬሰር ቱቦ ጎትቶ መጣ። እኔም ጆሮዬን ሰጠሁት። እግዜር ይስጠውና መብራት ጠፋ። በሕይወቴ መብራት ጠፋ ብዬ ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ቀጥሎ መድኃኒት ቤት። ሻጩ ከመደርደሪያው ጀርባ ንቅንቅ ሳይል፣ ጆሮዬን ሳያይ፣ ጠብታ አውጥቶ አስቀመጠልኝ። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እኔ የሰው ኢኜቶሪ ሳልፈታ፣ ሳላዳምጥ ታሟል ብል መስመሩ ላይ ማን ይሰማኛል? ጆሮ ከኢኜቶሪ ያንሳል እንዴ?

ውድነሽ ለሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ሐኪም ቤት ገባሁ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። በመብራት አየችኝ። ኩክ የለም፣ ታምቡሩም ደህና ነው አለች። ከዚያ ሁለት ጣት ያለው ብረት መታ አድርጋ ግንባሬ ላይ ተከለችው። የኔን የካቻቪቴ ሙያ። በየት በኩል ይሰማዎታል አለችኝ። በቀኝ ብቻ አልኩ።

«የውስጠኛው ጆሮ ነው። ሴንሰሪኒዩራል ይባላል፤ ድንገት የሚመጣ የመስማት ማጣት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነበር መምጣት የነበረብዎት።»

«ይመለሳል?»

«ላይመለስም ይችላል። ጊዜው ግን ገና አላለፈም።»

ይሄ ብቻ። ቀልድ ፈለግኩ። አልመጣም።

ደም ግፊቴንና ስኳሬን ለካች፣ አዳማ ላለ የጆሮ ስፔሻሊስት ደወለች፣ ያንኑ ቀን ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ኪኒን አስጀመረችኝ። በዚህ ሁኔታ መሪ እንዳልይዝ ነገረችኝ። መኪናዬን ለሌላ ሹፌር ሰጥቼ ሚኒባስ ላይ ተሳፋሪ ሆንኩ። ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር እየተሳቀቅኩ አዳማ ደረስኩ።

አዳማ ላይ ኦዲዮሜትሪ ተነሳሁ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ያስገቡሃል፣ ድምፅ ስትሰማ ቁልፍ ትጫናለህ። በቀኝ ጆሮዬ እየተኩራራሁ ተጫንኩ። ወደ ግራ ሲዞሩ እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። ውጤቱ ወረቀት ላይ ወጣ፤ የግራው መስመር ቁልቁል ወርዷል። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ስፔሻሊስቱ ብዙ ጊዜ አይታወቅም አለኝ። ይሄ መልስ እንዴት እንዳበሳጨኝ።

ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት ምግብ በልቼ ነበር የምወስደው። እንቅልፍ ይነሳል፣ ያስርባል፣ ያነጫንጫል። መነጫነጩ ከኪኒኑ ነው ወይስ የራስህ ነው እያለች ውድነሽ ታፌዝብኝ ነበር። ያረፍኩት እሷ ቤት ነበርና፣ ጠዋት ቁርስ ስታቀርብ ዘፈኑን ከፍታ በግራዬ ትቀመጥና ፊቴን ታነባለች፤ እኔም እንዳልዋሻት ቀኝ ጆሮዬን በመዳፏ ትደፍነዋለች። አንድ ሳምንት ምንም አልነበረም። ከዚያ በታምቡሩ በኩል መርፌ ተወጋሁ፤ ስሙ እንደሚያስፈራው አያምም። ከሁለተኛው መርፌ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ሻይዬን እያማሰልኩ ሳለ፣ ሴትዮዋ ስንኟን ብላ ዝም ስትል፣ ከግድግዳ ወዲያ ጎረቤት እንደሚስል ያለ ነገር ሰማሁ፤ ጎረቤት አልነበረም፣ ሳክስፎኑ ነበር፣ ጉንፋን የያዘው፣ ግን እሱ ነበር። ማንኪያውን አቆምኩ። ውድነሽ ምንም ሳትጠይቀኝ ዘፈኑን ከመጀመሪያ መለሰችው።

ሁሉም አልተመለሰም። በመጨረሻው ምርመራ ወፍራሙ ድምፅ መጥቷል፣ ቀጭኑ ቀርቷል። የጆሮዬ ጄኔሬተርም ዝቅ ብሎ ይሠራል። ኢኜቶሪ አሁን በቀኝ ጆሮዬ ነው የማዳምጠው፤ አሁንም ከማንም እበልጣለሁ።

ለሰመራዋ ሐኪም፣ ጊዜው ገና አላለፈም ስላለችኝ ዕድሜ ይስጥልኝ። ውድነሽን በሰደብኳት ልክ አመስግኜ አልጨርሳትም። ለናንተ፣ በተለይ መሪ ለምትይዙት፦ መኪናችን ያልለመድነውን ድምፅ ካሰማ ዳር ይዘን እንቆማለን። የራሳችን ጆሮ ዝም ሲል አሥር ቀን እንነዳለን። ነውር ነው። አንድ ጆሮ በድንገት ድፍን ካለ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ታዩ። ዘይትም ጠብታም አትጨምሩ፣ ኮምፕሬሰሩን ለጎማ ተዉት። ኪኒኑ ከተሰጣችሁ ደህና ሆንኩ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። አጠገባችሁ ያለ ሰው «ይሰማል» ካላችሁ ደግሞ አትሳደቡ፤ እመኑት።

ባለፈው አዋሽ ሐሰን ጋ ጎራ አልኩ። የጣልኩትን ስፒከር ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። መልስልኝ አልኩት።

«አንተ ሞቷል ብለህ ፈርደህበታል» አለኝ፤ «እኔ በሕይወት ያለ ነው የያዝኩት።»

ፍላሼን ተቀብሎ ሰካው። ሴትዮዋ ጠየቀች። ግራ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አዞርኩና፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ቀኙን በመዳፌ ደፈንኩ።

መለሰላት።