ለባቲ ያልተመዘገበው ተሳፋሪ

ከሚሴ፣ ሰኞ ጠዋት 1፡30

የታናሽ እህቴ የፋጡማ ኒካህ ባቲ ላይ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሊታሰር ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ወልዩዋ፣ ማለትም የሙሽራውን እጅ ጨብጦ የሚድራት ሰው፣ እኔ ነኝ። ቀኑ ሰኞ የሆነው የሙሽራው ዘመዶች ከአፋር ቆላ ለገበያ ስለሚወጡ ነው። "ለማንም ውክልና እንዳትሰጥ፤ አንተው ራስህ ዳረኝ" ብላኛለች።

ከሚሴና ባቲ አንድ ዞን ናቸው፤ መንገዱ ግን በደቡብ ወሎዋ ኮምቦልቻ ዞሮ ነው የሚሄደው። በፊት የአንዱ ከተማ ሚኒባስ በሌላው መናኸሪያ ሰው አይጭንም ነበር። መኪኖቹ ባዷቸውን ሲመለሱ እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን እናያቸዋለን። አሁን ተራ አስከባሪዎቹ ተስማምተው አንዱ የሌላውን በተራው ይጭናል።

የከሚሴው ተራ አስከባሪ ጋሽ ኡመር ደብተሩን ይዞ በመስኮት አንገቱን አስገባ።

"ኤሳ ዴምቱ? ወዴት ናችሁ? ከኮምቦልቻ ወዲያ የሚያልፍ አለ?"

ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች "ባቲ ነን፣ ኢንሻአላህ" አሉ።

"አንተስ ወንድሜ?"

"ኮምቦልቻ ነኝ።"

ለምን ዋሸሁ? እኔ ባደግኩበት ቤት ለትልቅ ጉዳይ የወጣ ሰው መድረሻውን አይናገርም፤ የሰው ዓይን መንገድ ያሰናክላል ይባላል። ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባበትም ብዬ በብልጠቴ እየተደሰትኩ ተቀመጥኩ።

የጨፋ ሸለቆ ማሽላ አሽቷል። ከብቶች አስፋልቱን እስኪያቋርጡ ሁለት ጊዜ ቆምን። ሐርቡ ላይ በመስኮት ሙዝ ገዝቼ ቁርሴን አደረግኩት። ሾፌሩ ደስ ብሎት ነበር፤ "ድሮ ስመለስ የማወራው ከባዶ ወንበር ጋር ነው" አለኝ።

ኮምቦልቻ፣ 3፡30

የባቲ ሰልፍ መናኸሪያውን ዞሮታል። ተራ አስከባሪዋ ወይዘሮ ዘሃራ "የከሚሴ ሁለት!" ብላ ተጣራች። ሴቶቹ ገቡ፤ መኪናው ሞላ። ለካ ጋሽ ኡመር የመዘገበውን ደውሎ ይነግራታል፣ እሷም ወንበር ትይዛለች።

ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ። "እኔም ባቲ ነኝ። የእህቴ ኒካህ ነው።"

"ታዲያ ከሚሴ ላይ ምነው አላልክም?"

ወደ ሰልፉ ዞሬ አየሁ።

"እኔ ሰው አስነስቼ አንተን ባስቀምጥ ነገ ማን ያምነኛል? ሰልፈኛውን ጠይቅ፤ ተራው የእነሱ ነው።"

መጠየቁ አስጠላኝ። ሄጄ ከሰልፉ መጨረሻ ቆምኩ። መኪና ሲመጣ አሥራ ሁለት ሰው ይቀንሳል፣ ከዚያ ደግሞ ረጅም ጊዜ ምንም የለም።

6፡45

አጎቴ ከባቲ ደወለ። "ቆለኞቹ ግመል እየጫኑ ነው፤ ከዚህ በላይ አይቆዩም። ወክለኝ።"

ፋጡማን እንዲያቀርብልኝ ለመንኩት። ስልኩን ተቀብላ የት እንደደረስኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። በመጨረሻ "ወክለው፤ በቃ" አለች።

እዚያው በጥሩምባና በጥሪ መሃል ድምፄን ከፍ አድርጌ "የእህቴን የፋጡማን ኒካህ እንድታስርልኝ ወክዬሃለሁ" አልኩት። እንባዬ መጣ። ከፊቴ የቆመው ጎልማሳ ዞሮ አየኝ።

"ለኒካህ ነው እንዴ? ወላሂ ብትነግረን ኖሮ ገና ጠዋት አንተን እናስቀድም ነበር።"

ከፊቱ ያሉትም "ባረከላሁ!" እያሉ ወደ ፊት አሳለፉኝ። ቀጣዩ መኪና ላይ ጋቢና ተቀመጥኩ።

ባቲ፣ 8፡30

እንግዳው ተበትኗል፤ ቆለኞቹ ከነሙሽራው አባት ወርደዋል። ሙሽራው ጎረቤት ምሳ ተጠርቶ ነበር፤ ሲመለስ ከሩቅ ሰላም ተባባልን። ፋጡማ አልተቆጣችም። ምግብ አቀረበችልኝና እስክጨርስ አጠገቤ ተቀመጠች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሚሴ፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ

ስመለስ ባቲ ላይ ተመዝግቤ ኮምቦልቻ ላይ ሳልሰለፍ አለፍኩ። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። ትናንት በአንድ ተሳፋሪ የሚጣሉ መናኸሪያዎች ዛሬ ለማያውቁት መንገደኛ ወንበር ይይዛሉ። እኔ ግን ሊያደርሱኝ የሚጠይቁኝን ሰዎች አንዲት ቃል ነፈግኳቸው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ በር ላይ ተቀበለችኝ።

"እህ፣ ኒካሁ ሲታሰር ሙሽራው እንዴት ነበር? ያንተ እጅ እኮ አባቴ ሲጨብጥህ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሱስ?"

"አላውቅም" አልኳት። "የጨበጠው አጎቴ ነው።"