ሸበቶው ተለማማጅ

የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ምን አለሽ ተራ ከአባቴ ጋር የከሰል ምድጃ የምሠራበት ጊዜ ዛሬም ይናፍቀኛል። ሰው ሁሉ ልጁን ኢንጂነሪንግ የሚያስገባበት ዘመን ነበር፤ እኔ ግን ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም።

አንድ ማክሰኞ ኮት የለበሱ ሸበቶ ሰውዬ መጡና፣ "እህቴ፣ ቆርቆሮ መቁረጥ ታለማምጂኛለሽ? ኢንጂነር ነኝ፤ በእጄ ግን ሠርቼ አላውቅም። ቅዳሜ ሰው ፊት ካልቻልኩ አፍራለሁ" አሉኝ።

በዚህ ዕድሜያቸው ለሥራ ሊፈተኑ መስሎኝ አዘንኩላቸው። መቀሱን ስሰጣቸው አያያዙ ጠፋቸው፤ አውራ ጣታቸውን ቆረጡና በነጭ መሀረባቸው ጠቀለሉት።

አባቴ፣ "ጋሼ፣ ቆርቆሮ እኮ ኮት አይቶ አይፈራም" ሲላቸው አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ሳይቀየሙ እስከ ዓርብ ተመላለሱ።

ቅዳሜ ሃያ የሚሆኑ ተመራቂ ተማሪዎች አስከትለው ከች አሉ። ለካ አስተማሪ ናቸው።

"ቀጣሪዎች ወረቀት ላይ ብቻ የሚያውቅ አትላኩብን ብለዋል" አሉና መቀሱን አነሱ። ቆርቆሮውን አጣመው ቆረጡት። ተማሪዎቹ ተሳሳቁ።

"መምህር፣ እርስዎ የት ተማሩት?" አለ አንዱ።

አሁንስ አፈሩ አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "ከእሷ" አሉ። "ማክሰኞ ነው የጀመርኩት።"