በደጃፉ ላይ ቀጥቃጭ የሚል ስም

ነሐስ ሲወለወል ሽታ አለው። በሰው አገር፣ ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ ካለው ሕንጻ ፎቅ ላይ ስንኖር፣ ጎረቤታችን ጀርመናዊው ሽማግሌ በሩ ላይ ያለችውን የስሙን ሰሌዳ በየሳምንቱ ይወለውላት ነበር። ያ ሽታ በመተላለፊያው ሲመጣ በሬን እዘጋ ነበር።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩምና፣ አንድ ቀን የልጅ ልጄን ምን እንደሚል ጠየቅኳት።

"ሽሚት። ላስት ኔሙ ነው፤ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው አለኝ።"

ሰሌዳዋን የሚወለውልበትን እጁን አየሁት፤ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ። "ይሄ ነው ብረት የሚቀጠቅጠው?"

"ኖ! ቲቸር ነበር፣ እማማ።"

"እንግዲያ አባቱ ነዋ!" ስም ያው የአባት አይደል?

ሳቀችብኝ። "አባቱም አይደለም። ድሮ እነሱ አገር ሰዎች አንድ አንድ ስም ብቻ ነበራቸው። ሶ፣ በመንደሩ ሞክሼ ሲበዛ ሰውን በሥራው መጥራት ጀመሩ። በኋላ ልጁ ዳቦ ጋጋሪም ቢሆን ስሙን ወረሰ። ቀጥቃጭ የሌለው መንደር ስለሌለ ነው ሽሚቶች እንዲህ የበዙት።"

ግራ ገባኝ፤ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው። እንዲህ ያለውን ስም ሰው ይደብቃል እንጂ ወልውሎ ለመንገደኛ ያሳያል?

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ወናፉ ሲተነፍስ፣ ፍንጣሪው ሲዘል እያየሁ ነው ያደግሁት። ገበሬው ሁሉ ማረሻውን እሱ ዘንድ ያስቀጠቅጥ ነበር፤ ቡዳ ናቸው እያለ ግን ከቤታችን ውሃ እንኳ አይቀምስም ነበር።

ከተማ አክስቴ ዘንድ ሳለሁ ለጋብቻ ተጠየቅሁ። የኛን ነገር የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ ለሽምግልናው ከገጠር በመጣ ጊዜ፣ ጓሮ አስቀምጬ እጁን በአመድም በሎሚም ፈገፈግሁት። ጥቁረቱ አልለቅ አለ።

"ቀስ በይ እንጂ፣ ቆዳው የኔ ነው" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሽማግሌዎቹ ሥራውን ሲጠይቁት ጋቢውን እስከ ጣቶቹ ሳበና "አራሽ ነኝ" አለ። እኔን አላየኝም። ለሠርጌ ግን ሳይመጣ ቀረ። "እጄ ያሳጣታል" ብሎ ነበር የላከው።

የልጅ ልጄ ታዲያ በዚያው ጨዋታ፣ "ያንቺ አባትስ ሥራው ምን ነበር?" አለችኝ፤ የዘር ሐረጋችንን ትመዘግብ ነበር።

ባሌ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ሽማግሌዎቹም አልፈዋል። ከማን እንደምደብቅ እኔ እንጃ።

"አራሽ ነበር፣ ልጄ" አልኳት።

እሷም ስልኳ ላይ ጻፈችው።