አይሂዱብን ባዩ

ሰውየው በመንግሥት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ፋይል ደርድሯል። ይህን ግን ማንም አያነሳለትም። የሚታወቀው በዓመት አንዴ በሚሠራት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በየዓመቱ በትልቁ አዳራሽ መሪው ንግግራቸውን ሲጨርሱ መነጽራቸውን ያወልቁና «እንግዲህ ደክሞኛል፤ ልሂድ» ይላሉ። ያን ጊዜ እሱ ከሦስተኛው ረድፍ ብድግ ይልና ድምፁን ሰበር አድርጎ «አይሂዱብን» ይላል። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል፤ መሪውም በግድ ተይዞ እንደቀረ እንግዳ መነጽራቸውን መልሰው ያጠልቃሉ። ባልደረቦቹ ስሙን ከረሱት ቆይተዋል፤ «አይሂዱብን» ነው የሚሉት።

እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያው ዓመት የተነሳው ሽንቱ ወጥሮት ነበር። መሪው ዓይናቸውን ሲጥሉበት ደነገጠና አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያቺ ቃል መደበኛ ሥራው ሆና ቀረች።

የጡረታ ዕድሜው ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል። ልጁ ሌላ ከተማ አግብታ ወልዳለች። ባለቤቱም የልጅ ልጇን ልታቅፍ ሻንጣዋን ሸክፋ አልጋ ሥር ካስቀመጠች ሰነበተች። የሱ ማመልከቻ ግን በየዓመቱ «ለሥራው እጅግ አስፈላጊ በመሆንዎ» እየተባለ ይመለሳል።

«ጋሼ፣ ተተኪ ፈልገን አጣን እኮ» አለው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ። «አንዱ ንግግሩ ሳይጀመር አለቀሰ። ሌላው ደግሞ ‹ልሂድ› ሲባል ‹እሺ› አለ። ልምምድ ላይ ስለነበረ ነው የተረፈው።»

«እኔ ብሞትስ ታዲያ?»

«እሱን እንኳ ባይሞክሩት ይሻላል።»

ቤት ሲገባ ባለቤቱ ስልኩን ዘግታ ጠበቀችው። «ሕፃኑ በእግሩ ሄደ አሉ» አለችው። «አንተ ነህ መሄድ ያቃተህ።»

ነገሩ አንጀቱን በላው። የዚያ ዓመት ጉባኤ ላይ መሪው «ደክሞኛል፤ ልሂድ» ሲሉ እንደ ልማዱ ብድግ አለ። መነጽር ባልያዘው እጃቸው ጠረጴዛውን ተደግፈው አያቸው። መሪው የምር ደክመዋል። አዘነላቸው።

«ይሂዱ ጌታዬ» አላቸው። «እኔም ደክሞኛል።»

አዳራሹ ቃሉን ልብ ብሎ ሰምቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው እሱ ሲቀመጥ ማጨብጨብ ነው። ስለዚህ አጨበጨበ። መሪው መነጽራቸውን እንደያዙ ጭብጨባው እስኪያባራ ጠበቁ።

«ሕዝቤ ከድንጋጤው የተነሳ የሚናገረውን አያውቅም» አሉ በመጨረሻ። «በዚህ ሁኔታ ጥዬው አልሄድም።»

ደግሞ ተጨበጨበ።

ደብዳቤው ከምሳ በፊት ደረሰው፤ «አስፈላጊ ባለመሆንዎ ጡረታ እንዲወጡ ተወስኗል» ይላል። ልቡ ቅቤ ጠጣ። «አስፈላጊ ባለመሆንዎ» የምትለዋን ግን ደጋግሞ አነበባት፤ ቅር አለችው።

በዓመቱ ልጁ ቤት፣ ሕፃኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። ንግግሩ አለቀ። «ደክሞኛል፤ ልሂድ» አሉ መሪው።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ወንበር ተንቋቋ። ቃል የሚተነፍስ ግን ጠፋ።

«ተተኪው የት ገባ?» አለ ሰውየው። የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገ።

«ልሂድ ብያለሁ እኮ» አሉ መሪው፣ አሁን ትንሽ ቆጣ ብለው።

ከዚህ በላይ አልቻለም። ሕፃኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፣ የኮቱን ቁልፎች ቆለፈ፣ ሬዲዮው ፊት ብድግ አለና ድምፁን ሰበር አድርጎ «አይሂዱብን» አለ። እንደዚያን ቀን አሳምሮ ብሎት አያውቅም። ሬዲዮው ጸጥ እንዳለ ነው። ሕፃኑ ግን አያቱን ቀና ብሎ አየና በሁለት እጁ አጨበጨበ።

ሰውየው ደስ ብሎት ተቀመጠ። «እኔ ባልኖር ምን ይውጣቸው ነበር?»

ባለቤቱ ጎንበስ ብላ የሕፃኑን ሁለት እጆች ለቀም አድርጋ ያዘች።

«አንተስ አንዴ ለምዶብሃል» አለችው። «ልጁን ግን አታስለምድብኝ።»