ቀለም ያልነካው ብዕር

ልብስ ሰፊዋ አባቷን እስኪያርፉ ድረስ ብቻዋን አስታመመች። ሰፈሩ «ዘናጩ» የሚለው ታናሽ ወንድሟ አልፎ አልፎ ሽቶውን አስቀድሞ ብቅ ይላል፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሰዓቱን ሲያይ ቆይቶ ይሄዳል።

አባትየው ዕድሜ ልካቸውን የማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ አንድ የቀለም ብዕር ሸለማቸው፦ ጫፉ ወርቅ፣ በዓለም ላይ መቶ ብቻ የተሠራ፣ ክዳኑ ላይ የየራሱ ቁጥር የተቀረጸበት። እሳቸው ግን «ይሄ ለዓይን ነው እንጂ ለእጅ አይሆንም» ብለው አንድም ቀን ቀለም ሳያስነኩት በመሳቢያቸው ቆለፉበት።

ባረፉ ማግስት ብዕሩ ታጣ። ዘናጩ ዘመድ አክስታቸው ቤት በተሰበሰበበት አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «እኔ ምን ልበል፤ ቁልፉ እንደሁ እትዬ እጅ ነበር» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ አላስፈለገውምም። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ አክስቷ ቤት ስትገባ የአክስቷ ቦርሳ ከሶፋው ተነስቶ ጓዳ ይገባል። ይህን አየች። ቂሟን እንደ መርፌ ጨርቅ ላይ ሰክታ አስቀመጠችው።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ዘናጩ ራሱ የስፌት ቤቷን በር አንኳኳ።

«እትዬ፣ ብዕሩ ተገኘ።»

«የት?»

«አሮጌ ኮቴ ኪስ ውስጥ። ለካ አባዬ ሰጥቶኝ ረስቼው ኖሯል።»

እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አላነሳችም። እሱ ቀጠለ፤ እንዲህ ያለ ብዕር ከዓመት ዓመት ዋጋው እየናረ ነው፣ ጥሩ ገዢ ተገኝቷል፣ ሰውየው ግን ወራሾቹ ሁሉ ካልፈረሙ አልገዛም ብሏል።

«ለዘመዶቹስ ተገኘ ብለሃቸዋል?»

«ያለፈውን ምን ያነሳሳዋል፣ እትዬ?»

«ደግ። እፈርማለሁ» አለችው።

በቀጠሮው ቀን መንገድ ላይ ጎራ ብላ አንድ ብልቃጥ ጥቁር ቀለም ገዛችና የጥንት ዕቃ ሻጩ ሱቅ ገባች። ዘናጩ ቀድሟት ደርሷል፤ ብዕሩ ቀይ ከፋይ ላይ ተጋድሟል። ገዢው ጓንት አጥልቆ ጫፉን በማጉያ መነጽር ይመረምራል።

«ንጹሕ ነው። ዋጋው ያለው እዚህ ላይ ነው» አለ።

«ቀለም ቢነካውስ?»

«እንደማንኛውም ያገለገለ ዕቃ ይሆናል፣ እመቤቴ። እኔም አልፈልገውም።»

ባለ ሱቁ ወረቀቱንና እስክሪብቶ አቀረበላት። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ ብልቃጡን ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈተች፤ ማንም እጁን ሳይዘረጋ የአባቷን ብዕር ብድግ አድርጋ እስከ አንገቱ ነከረችው፤ ስሟን ከነአባቷ፣ ረጋ ብላ፣ በቁም ጽሕፈት ጻፈች። ቀለሙ ከፋዩ ላይ ተንጠባጠበ።

የዘናጩ ፊት አመድ መሰለ። «ምን አደረግሽ?»

«ፈርሚ አልከኝ፤ ፈረምኩ።»

ገዢው ጓንቱን አውልቆ ኪሱ ከተተና ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ። ባለ ሱቁ ጫፉን በውኃ ቢያጥበው፣ በጨርቅ ቢያሸው፣ የወርቁ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ጥቁር አልለቅ አለ። ከወራት በኋላ ብዕሩን አንድ ጠበቃ በርካሽ ወሰደው፤ ይጽፍበታል አሉ።

የወንድሟ ሚስት ለሽምግልና መጣች። «እባክሽ ታረቂው፤ እንቅልፍ አጥቷል።»

«እታረቀዋለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አክስቴ ቤት ያኔ የነበሩትን ሁሉ ይሰብስብና የወሰድኩት እኔ ነኝ ይበል። ያን ጊዜ እኔው ራሴ ተነስቼ እስመዋለሁ።»

እስከ ዛሬ አልሰበሰባቸውም። መንገድ ላይ ሲያያት ወደ ማዶ ይሻገራል። እሷም ትሻገራለች።