መልስ ያገኙት ገጾች

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እናቴ ቦንጋ ባለው ቤቷ የጸሎት ደብተሮቿን ከቆጥ አስወርዳ ፊቴ ከመረቻቸው። በማግስቱ እሑድ በጉባኤው ፊት ቆማ ጌታ በዕድሜዋ ሙሉ ስላደረገላት ነገር እንድትመሰክር ተጠይቃለች፤ ከጅማ ያስጠራችኝም የምታነበውን እንድጽፍላት ነው።

"ጋዜጠኛ አይደለህ? ከዚህ ውስጥ አውጣና ጻፍልኝ" አለችኝ።

የመጀመሪያውን ደብተር ስገልጥ የጭስና የማር ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የቦንጋ ዝናብ ለወረቀት አይራራም። ስለዚህ እናቴ ሻጋታ እንዳይበላቸው ደብተሮቿን ከምድጃው በላይ፣ ከዘር በቆሎውና ከማንኪራ ከሚላክልን የማር ቅል ጎን ታስቀምጣቸው ነበር፤ እኛ ልጆቿ ማሩን ለመስረቅ ስንንጠራራ መጀመሪያ የሚወድቅብን ደብተር ነበር። ጎህ ሲቀድ ከሁላችን ቀድማ ትነሳና እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ ከንፈሯ በካፊኖኖ እየጸለየ እጇ በአማርኛ ይጽፋል። ፊደል የቆጠረችው በአማርኛ ነው፤ ጌታ ግን ካፊኖኖ ይሰማል ትላለች። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ የእርሳሷን ድምፅ መስማት እወድ ነበር። ችግሩ የሚመጣው እሑድ ነው።

በኛ ጉባኤ አንድ ደንብ ነበር። ያወጡት ጋሽ መኩሪያ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጸሎቱ የተመለሰለት ሰው የጻፈበትን ገጽ ከደብተሩ ይቀድና በጉባኤው ፊት ያነበዋል፤ ከዚያም ወረቀቱን ለሽማግሌው ያስረክባል። የተሰበሰበው ወረቀት ሁሉ ጳጉሜ ላይ በአዳራሹ ግቢ በዝማሬ ይቃጠላል። ሰው የተቀበለውን ቤቱ ቢያስቀምጥ ይኩራራበታል፣ ምስጋና ተሰጥቶ የሚያልቅ ነገር ነው ይሉ ነበር ጋሽ መኩሪያ። ሌላው ሰው ደንቡን እንደነገሩ ነበር የሚይዘው። እናቴ ግን አንድም ገጽ አላስቀረችም።

በእናቴ ደብተር ውስጥ ደግሞ ያለነው እኛ ነን። የእህቴ የብርቅነሽ ቆረቆር በዳነ ጊዜ ጉባኤው በሙሉ ሰማ። ታላቅ ወንድሜ ከሺሺንዳ ገበያ ስለሰረቀው ሸንኮራ ንስሐ በገባ ጊዜም ጉባኤው ሰማ። እኔ ደግሞ አልጋ ላይ መሽናት ባቆምኩ ጊዜ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች፤ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ አማርኛዋ እንዳይሳሳት ቃል በቃል እየረገጠች፣ ፍራሼ ደርቆ እንዳደረ፣ ደግሞም እንደደረቀ መቆየቱን አነበበች። "አሜን!" አለ አዳራሹ። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ፣ "እንዴት ነው፣ ፍራሹ ደህና ነው?" እያሉ ተቀበሉኝ፤ የፍራሹ ጤንነት እስከ ክረምቱ መጨረሻ ድረስ ሲጠየቅ ቆየ።

"እማ፣ ሁለተኛ ስሜን አትጥሪ" ብዬ ለመንኳት።

"ጌታ ያደረገውን ልደብቅ?"

"አትደብቂ፤ ስሜን ብቻ ተይው።"

ጥያቄዬን ተቀበለች። በሚቀጥለው ጊዜ ቆማ፣ "ስሙ እንዳይጠራ የለመነኝ መካከለኛው ልጄ" ብላ ጀመረች።

ይኸው ቅዳሜ ዕለት ደብተሮቹን ሳገላብጥ ያገኘሁት የዚያን ደንብ ውጤት ነው። መልስ ያገኙት ገጾች ከነሥራቸው ተገንጥለዋል፤ የቀረው ያልተመለሰው ብቻ ነው። "ባለቤቴ ጠጅ ቤቱን ይተው።" "የእህቴ ዓይን ይብራ።" "የወንድሜ የመሬት ክርክር ይለቅ።" ደግሞ አባቴ፣ ደግሞ ጠጁ፣ ገጽ በገጽ። እነዚህን ደብተሮች ብቻ ያየ ዘጋቢ እዚያ ቤት የሳቀ ሰው አልነበረም ብሎ ቢጽፍ ማስረጃ አለው። አባቴ ግን በሕይወት ሳለ ከዚያው ጠጅ ቤት ሲመለስ ሸንኮራ በትከሻው ተሸክሞ፣ እየዘፈነ፣ የጎረቤቱን ውሻ እንደ ሹም ሰላም እያለ ነበር የሚገባው፤ እናቴም ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። ይህ የትም አልተጻፈም።

"እማ፣ እዚህ ውስጥ ምስጋና የለም። ሁሉንም አቃጥላችሁታል" አልኳት።

"ታዲያ ምን ልታደርግበት ኖሯል? አንተ አስታውስ እንጂ፤ ነበርክ አይደል?"

ሚዛን የምትኖረው ብርቅነሽ ጋ ደወልኩ። ካንድ ምንጭ ብቻ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በስልክ ስንጨቃጨቅ ዋልን። ከቤታችን አንዱ በወባ ታሞ የዳነበትን ክረምት እኔ የእሷ ነው አልኩ፣ እሷ ያንተ ነው አለች፤ እናታችን የሁለታችሁም አይደለም አለች፤ የማን እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም። በመጨረሻ ሁለታችንም የተስማማንበት ቆረቆሩ፣ ሸንኮራውና ፍራሹ ብቻ ሆነ። ያስታወስነው ያፈርንበትን ነው። እናታችን ለራሷ ለምና ያገኘችውን፣ ያለጥርጥር ብዙ ነበር፣ አንዱን እንኳ የሚያስታውስ ሰው ጠፋ። ከሦስታችን እሷ ብቻ አልተናደደችም።

ያለውን በትልልቅ ፊደል አንድ ገጽ አድርጌ ጻፍኩላት። የአባቴን አዘፋፈንና የውሻውን ሰላምታም ጨመርኩበት፤ ይህን እንኳ አላረጋገጥኩም፤ ብርቅነሽ ውሻው የኛ ነበር ትላለች። ስጨርስ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ላነሳው ስል እናቴ እጇን ወረቀቱ ላይ ዘረጋችበት።

"ለጌታ የተሰጠ ነገር ግልባጭ አለው እንዴ?"

"እንግዲያው ካነበብሽው በኋላ ወረቀቱን ለኛ አስቀሪልን። የቀረን እሱ ብቻ ነው፣ እማ። አባባም ያለው እዚህ ላይ ብቻ ነው።"

"እናያለን" አለች። በእናቴ አፍ "እናያለን" እምቢታ ነው፤ እንዲህ ያለውን መልስ ከስንት ባለሥልጣን ስቀበል ኖሬያለሁ፣ የሷን ያህል ያናደደኝ የለም።

እሑድ በባጃጅ ይዣት ሄድኩ። ዝናብ ነበር፤ መብራት ጠፍቶ አዳራሹ ጨልሟል። ተራዋ ሲደርስ ወደፊት ወጥታ ወረቀቱን አራቀችው፣ አቀረበችው፣ መነጽሯን ጠረገች።

"ዓይኔ እምቢ አለኝ" አለች ለጉባኤው። "የጻፈው ልጄ ነው፤ እሱ ያንብበው። ና፣ ተነሥ እንጂ!"

ተነሣሁ። ዜና በማነብበት ድምፅ ከላይ እስከታች አነበብኩት። ፍራሹ ጋ ስደርስ ፊት ረድፍ ያሉት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አባቴ ጋ ስደርስ አንድ አዛውንት ጮክ ብለው ሳቁና "እሱ ነው! እሱ ራሱ!" አሉ። እናቴ አጠገቤ ቆማ ወለሉን ታያለች።

"አሜን" ተባለ። ተረኛው ሽማግሌ እንደ ደንቡ መጥቶ እጁን ዘረጋ። እናቴ ወረቀቱን ለኔ ትታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ወረቀቱን ሰጠሁት።